የብረት ስትራክቸር ዳዶ ሪቪው፦ የቱ ዳዶ ለየቱ ብሎን?

ፍርዴን ከላይ ልናገረውና ልገላገል። ለብረት ስትራክቸር፣ ማለቴ ለኮለም፣ ለቢም፣ ለካፕሪያታ፣ ክሬን ለሚሄድበት ሀዲድ ምናምን የሚሆን ዳዶ እየፈለጋችሁ ከሆነ ዳዶን ለብቻው አትግዙ። ብሎኑ፣ ዳዶውና ሮንዴላው ከአንድ ፋብሪካ አንድ ላይ ተፈትኖ የወጣ ሴት፣ ማለትም ሙሉ ስብስብ፣ ካገኛችሁ እሱን ውሰዱ፣ እሱ 5 ኮከብ ነው። ከዛ ውጪ ያለው ሁሉ እንደ ሁኔታው ነው፣ ሁኔታው ምን እንደሆነ ነው ከዚህ በታች የማወራው፣ በእጄ ያለፉትን አይነቶች እያነሳሁ፣ አንዳንዱ ላይ ብዙ አወራለሁ አንዳንዱን ደሞ ባጭሩ አልፈዋለሁ።

በተራው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ እንጀምር። ፊቱ ላይ ወይ ጎኑ ላይ 8፣ 10 ወይ 12 ተብሎ ተመትቶበታል፣ ይሄ በአይኤስኦ 898 (አይኤስኦ ዓለም አቀፉ ስታንዳርድ ነው) ክፍል 2 መሰረት የዳዶው ክላስ፣ ማለትም የጥንካሬ ደረጃው ነው። ብሎኑ ጭንቅላት ላይ ደሞ 8.8፣ 10.9 ወይ 12.9 ይላል። አገጣጠሙ ቀላል ነው፣ ብሎኑ ላይ ከነጥቧ በፊት ያለችውን ቁጥር ታያላችሁ፣ ዳዶው ከሷ እኩል ወይ በላይ ይሁን፣ አለቀ። ክላስ 10 ዳዶ 8.8 ብሎን ላይ ቢገባ ምንም አይደለም፣ ክላስ 8 ዳዶ ግን 10.9 ላይ አይገባም። ይገባል እኮ፣ ጥርሱ አንድ አይነት ነው፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ማንም ሳያውቅ ሰተት ብሎ ይገባል።

ለምን እንደማይሆን በቁጥር እንየው። ኤም 20 ብሎን፣ ማለትም ዲያሜትሩ 20 ሚሊሜትር የሆነው፣ ጥርሱ ጋ ጭነት የሚሸከመው ስፋት 245 ስኩዌር ሚሊሜትር ነው። 8.8 ከሆነ ለመበጠስ ቢያንስ 203 ኪሎኒውተን (የኃይል መለኪያ ነው) ይፈልጋል፣ ክላስ 8 ኤም 20 ዳዶ ደሞ የሚፈተነው በ225 ኪሎኒውተን ገደማ ነው። ዳዶው ከብሎኑ እንዲበልጥ ሆን ተብሎ ነው የተሰራው። አሁን ወደ 10.9 እንሂድ፣ ብሎኑ ሳይበጠስ እስከ 255 ኪሎኒውተን ይሄዳል፣ ክላስ 10 ዳዶ በ260 ገደማ ይፈተናል፣ አሁንም ዳዶው ይበልጣል። 10.9 ላይ ክላስ 8 ብታስገቡ ግን ብሎኑ 255 ሊሸከም የተዘጋጀ፣ ዳዶው በ225 የተፈተነ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ ግልፅ ነው።

እና ይሸነፍ ምን ችግር አለው፣ ሁለቱም ቢሆን መበላሸት አይደል የሚል ሰው አይጠፋም። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ብሎን ሲበጠስ ይሰማል፣ ይታያል፣ ጫፉ ወድቆ ታገኙታላችሁ፣ አውጥታችሁ ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ። የዳዶ ጥርስ ሲበላ ግን ቀስ እያለ ነው የሚጀምረው፣ ግማሹ ተበልቶ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል፣ ከውጪ ለሚያየው ሰው ጥብቅ ያለ ዳዶ ነው፣ ኢንስፔክተሩም ቀለም ቀብቶ ያልፈዋል። ስለዚህ ጥሩ ዳዶ የምለው ብሎኑ እስኪበጠስ ድረስ ጥርሱ የማይበላውን ነው፣ ሌላው የውበት ጉዳይ ነው።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር፣ ዳዶ ውስጥ ያሉት ጥርሶች ጭነቱን እኩል አይካፈሉም። ከሚታሰረው ብረት በኩል ያለው የመጀመሪያው ጥርስ ብቻውን ሲሶ ገደማ ይሸከማል፣ ከሱ በኋላ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ "ደካማ ዳዶ ከሆነ ሁለት ደራርበን እናስረዋለን" የሚባለው ነገር አይሰራም፣ ሁለተኛው ዳዶ የመጀመሪያውን አቅም እጥፍ አያደርገውም፣ ያው የመጀመሪያው ጥርስ ነው መከራውን የሚያየው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሸወድበት ነገር ልምጣ። ሁለት ኤም 20 ዳዶ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ፣ አንዱ በዲን 934፣ በጀርመኑ ስታንዳርድ፣ የተሰራ፣ ሌላው በአይኤስኦ 4032፣ ሁለቱም 8 የሚል ቁጥር ሊኖራቸው ይችላል፣ ሁለቱም በ30 ቁልፍ ነው የሚታሰሩት፣ ግን ከፍታቸው ይለያያል። የዲን 934ቱ 16 ሚሊሜትር ነው፣ የአይኤስኦ 4032ቱ እስከ 18። 2 ሚሊሜትር ምን አላት አትበሉ፣ ኤም 20 ጥርስ በየ2.5 ሚሊሜትሩ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ አንድ ጥርስ ሊጠጋ የሚችል ነገር ነው ያጣችሁት። እነዛ 200 ምናምን ኪሎኒውተኖች የሚሰሩት ሙሉ ከፍታ ላለው ዳዶ ነው። ለዚህ ነው የድሮው የዲን ዳዶ ላይ ቁጥሩ በግራና በቀኝ በሁለት ቋሚ መስመር መሃል የሚቀመጠው፣ እንደ |8| ማለት ነው፣ መስመሮቹ ጌጥ አይደሉም፣ "እኔ የአይኤስኦውን ሙሉ አቅም አልሰጥም" ማለት ነው። መስመር ያለውን ለአጥር፣ ለደረጃ ድጋፍ፣ ለቀላል ነገር ውሰዱት፣ ለዋና ኮኔክሽን (መጋጠሚያ) ግን ባይሆን ይሻላል።

ቁልፋቸውም ሁሌ አንድ አይደለም፣ ኤም 10 በዲን 17 ቁልፍ ነው በአይኤስኦ 16፣ ኤም 12 ደሞ 19 እና 18። ሳጥን ከፍታችሁ ግማሹ በ18 ግማሹ በ19 የሚፈታ ከሆነ የተቀላቀለ እቃ ነው የተሸጠላችሁ፣ ቁልፍ ስለመቀያየር ከማማረር በፊት ሻጩን ጠይቁት።

ቀጭኑ ዳዶ፣ 04 ወይ 05 የሚል የተመታበት፣ ፊት ላይ ያለችው ዜሮ ሙሉ ጭነት አይሸከምም ማለት ነው። ለዋና ዳዶነት አትጠቀሙበት። ጨርሻለሁ።

ተወጥረው ለሚታሰሩ ኮኔክሽኖች፣ ማለትም ሳህኖቹ እንዳይንሸራተቱ በብሎኑ ውጥረት ለሚያዙት፣ በአውሮፓ ስታንዳርድ ኢኤን 14399 የሚባለው አለ፣ እውነት ለመናገር ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሁለት ቤተሰብ አለው፣ ኤችአር እና ኤችቪ። ኤችአር ዳዶው ረዘም ይላል፣ ከመጠን በላይ ስትወጥሩት ብሎኑ ነው የሚለጠጠው። ኤችቪ ዳዶው አጠር ይላል፣ ለኤም 20 16 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ከመጠን በላይ ከሄደ በዋናነት ጥርሱ ነው የሚሸነፈው፣ ዲዛይኑም በዛ ታስቦ ነው የተሰራው። ሁለቱም ይሰራሉ፣ ግን የአንዱን ዳዶ ለሌላው ብሎን መስጠት የለም፣ ክልክል ነው። ሁለቱም ላይ ፊደሉ ይመታበታል ስለዚህ አላየሁም የሚባል ነገር የለም። ቁልፋቸው ለኤም 20 32 ነው፣ ከተራው 30 ይለያል፣ ይሄ ራሱ ጥሩ ነው ምክንያቱም ተራ ዳዶ ከመሃል ከገባ ቁልፉ ወዲያው ያጋልጠዋል።

በአሜሪካ ስታንዳርድ የሚሰራ ድሮዊንግ ከደረሳችሁ ደሞ ስሞቹ ይቀየራሉ። ብሎኖቹ ኤ325 እና ኤ490 ናቸው፣ ከ2016 ጀምሮ ኤፍ3125 በሚባል አንድ ስታንዳርድ ስር ተጠቃለዋል፣ ሰው ግን አሁንም በድሮ ስማቸው ነው የሚጠራቸው። ዳዶዎቹ ኤ563 በሚባለው ስታንዳርድ ነው የሚሰሩት፣ ሄቪ ሄክስ የሚባሉት ናቸው፣ ከተራው ሰፋና ወፈር ያሉ። ጥቁር፣ ማለትም ሽፋን የሌለው፣ ለሆነው ኤ325 ግሬድ ሲ ይበቃል፣ ለኤ490 እና ጋልቫናይዝድ (በዚንክ የተሸፈነ) ለሆነው ኤ325 ግሬድ ዲኤች ነው የሚገባው። ዲኤች የጠፋ ቀን በኤ194 የሚሰራው 2ኤች ይተካዋል። ሳይቀባ ለሚተው ዌዘሪንግ ስቲል ደሞ ሲ3 እና ዲኤች3 አሉ፣ እነሱን በተራ ዳዶ ከቀየራችሁ ዳዶው ብቻውን እየዛገ ያልቃል።

ጋልቫናይዝዱ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ጭቅጭቅ ያለው እሱ ላይ ነው። ሆት ዲፕ ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም የቀለጠ ዚንክ ውስጥ የተነከረ፣ ብሎን ላይ ያለው ዚንክ 50 ማይክሮን ገደማ ወይ ከዛ በላይ ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ግን በጥርስ ላይ የዲያሜትሩ እድገት የሽፋኑ ውፍረት አራት እጥፍ ነው፣ ምክንያቱም ሽፋኑ በሰያፉ የጥርስ ጎን ላይ ነው የሚቀመጠው፣ በግራም በቀኝም። ስለዚህ 50 ማይክሮን ማለት 0.2 ሚሊሜትር መወፈር ነው፣ ተራ ዳዶ ደሞ ለዛ የሚሆን ቦታ የለውም። መፍትሄው ዳዶው ዚንክ ውስጥ ከተነከረ በኋላ ጥርሱ ሰፋ ተደርጎ በታፕ (በጥርስ ማውጫ) ይቆረጣል። ለዚህ ነው ጋልቫናይዝድ ዳዶ ውጪው ዚንክ ሆኖ ውስጡ ባዶ ብረት የሚሆነው። "ውስጡ አልተነከረም፣ ፎርጅድ ነው" ብሎ እቃ የሚመልስ ሰው አይቻለሁ፣ አይደለም፣ እንደዛ ነው መሆን ያለበት፣ የብሎኑ ዚንክ የዳዶውንም ጥርስ ይጠብቀዋል። እንዲያውም ውስጡ በዚንክ ተሞልቶ የመጣ ዳዶ ነው የሚያጠራጥረው።

ጥርሱ ሲሰፋ ግን የሚያዘው ነገር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ነው አሜሪካኖቹ ለጋልቫናይዝድ ጠንከር ያለውን ዲኤች የሚጠይቁት። በአይኤስኦ በኩል ደሞ እንዲህ ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ዳዶ ላይ ከክላሱ ቀጥሎ ዜድ ወይ ኤክስ የሚል ፊደል ይመታበታል። ሌላኛው መንገድ ዳዶውን ትቶ ብሎኑን ከመነከሩ በፊት ቀጠን አድርጎ መስራት ነው፣ እሱ ላይ ዩ የሚል ፊደል አለ። አደጋው ሁለቱን ስታገናኙ ነው፣ ቀጠን ያለ ብሎን ከሰፋ ዳዶ ጋር፣ በእጅ ሲሽከረከር ቅቤ ነው፣ ደስ ይላል፣ ሲወጠር ግን ጥርሱ ጫፍ በጫፍ ነው የተያያዘው። ብሎንና ዳዶ ከተለያየ ቦታ ስትገዙ የሚመጣው መዘዝ ይሄ ነው። ሰፋ ተደርጎ የተቆረጠ ዳዶ ሽፋን በሌለው ጥቁር ብሎን ላይ መጠቀምም ያው ነው፣ አይሆንም።

ሌላው ቅባቱ ነው። ጥሩ ጋልቫናይዝድ ዳዶ ሰም የመሰለ ቅባት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ኤ563 ራሱ ይሄን ይጠይቃል፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይ አረንጓዴ ቀለም አለው፣ ቀለሙ ቅባቱ እንዳለ በአይን እንዲታይ ነው። እባካችሁ ቆሻሻ ነው ብላችሁ በነዳጅ አትጠቡት! ክፍት ሳጥን ውስጥ ዝናብ ሲመታው የከረመውም ያው እንደታጠበ ቁጠሩት። ዚንክ በዚንክ ላይ በደረቁ ይናከሳል፣ ቁልፉ ከብዶ ከብዶ ብሎኑ ተጠምዝዞ ይበጠሳል፣ ከዛ "ብሎኑ ደካማ ነው" ተብሎ ይሰደባል፣ ብሎኑ ምንም አላጠፋም።

ቅባት ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ለማየት ትንሽ ሂሳብ። ኤም 20 10.9 ብሎን በአውሮፓው አሰራር 172 ኪሎኒውተን ውጥረት ይፈለግበታል። ቶርኩ፣ ዳዶውን በቁልፍ የምታዞሩበት ጉልበት፣ ማለት ውጥረቱ ሲባዛ በዲያሜትሩ ሲባዛ ኬ በምትባል የፍሪክሽን ቁጥር ነው። ደረቅ ከሆነ ኬ 0.2 አካባቢ ናት፣ ስለዚህ 690 ኒውተን ሜትር ገደማ ይወጣል። በደንብ የተቀባ ከሆነ 0.13 በሉት፣ 450 ገደማ። አንድ አይነት ብሎን፣ አንድ አይነት ዳዶ፣ የ240 ልዩነት! ለደረቁ የወጣውን ቶርክ በተቀባው ላይ ብትጠቀሙ ብሎኑን ከመጠን በላይ ጎተታችሁት፣ በተገላቢጦሽ ደሞ ላላ ያለ ኮኔክሽን ሰርታችሁ ትሄዳላችሁ። ከምታወጡት ጉልበት 90 ፐርሰንት ገደማው ፍሪክሽን ላይ ነው የሚያልቀው፣ ብሎኑን የሚወጥረው የቀረው ነው፣ ስለዚህ ፍሪክሽኑ ትንሽ ሲቀየር ውጥረቱ ብዙ ይቀየራል። ኢኤን 14399ን የወደድኩት ለዚህ ነው፣ ሴቱ ላይ ኬ ክላሱ ይጻፋል፣ ኬ1 ካለ ቁጥሩ ከ0.10 እስከ 0.16 መሃል እንደሚሆን ፋብሪካው ፈትኖ ነው የሚሰጣችሁ። ኬ0 ከሆነ ምንም አልተገባላችሁም፣ በቶርክ ልታስሩበት ነው ያሰባችሁት ከሆነ እሱን ተዉት።

ቶርኩን ማመን የማይፈልግ በዙር ያስራል፣ የአሜሪካኖቹ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ሳህኖቹ እስኪገጥሙ ታስሩና ምልክት ታደርጋላችሁ፣ ከዛ የብሎኑ ርዝመት ከዲያሜትሩ 4 እጥፍ የማይበልጥ ከሆነ ሲሶ ዙር፣ ከ4 እስከ 8 እጥፍ ከሆነ ግማሽ ዙር፣ ከ8 እስከ 12 ከሆነ ሁለት ሦስተኛ። ቀላል ነው፣ ፍሪክሽን ብዙም አያስቸግረውም። እኔ በቀለም እስክሪብቶ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍና እስከ ሳህኑ መስመር መሳሉን እመርጣለሁ፣ ማታ ላይ የተረሳ ካለ መስመሩ ይነግራል።

ናይለን ያለበት ሎክ ነት። ጥሩ እቃ ነው፣ በቦታው። እንዳይፈታ ይይዛል እንጂ ውጥረት አይጠብቅም፣ ይሄን ሰው ያምታታል። ናይለኑ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አይሆንም፣ ቦይለር አጠገብ ወይ ጭስ ማውጫ ላይ ካሰባችሁ ሙሉ ብረት የሆነውን ሎክ ነት ውሰዱ። እየፈቱ ማሰርም አቅሙን ይጨርሰዋል። ለማሽን መሸፈኛ፣ ለመወጣጫ መደገፊያ፣ ለሚንቀሳቀስ ማጠፊያ 4 ኮከብ፣ ለዋና የቢምና ኮለም ኮኔክሽን ግን ቦታው አይደለም።

ስፕሪንግ ሮንዴላ የሚወድ ካለ ይቅርታ። ብሎኑ በደንብ ሲወጠር ስፕሪንጓ ጠፍጣፋ ትሆናለች፣ ከዛ በኋላ ተራ ሮንዴላ ናት። በ1969 ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዩንከር በሙከራ ያሳየው ዳዶ በዋናነት የሚፈታው የታሰሩት ሳህኖች ወደ ጎን ሲንሸራተቱ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ ሳህኖቹን የማያንሸራትት በቂ ውጥረት ነው፣ ስር የምትገባ ቀለበት አይደለችም። ሁለት ዳዶ መደረብ ከፈለጋችሁ ደሞ ቀጭኑ ከስር፣ በብረቱ በኩል፣ ወፍራሙ ከላይ፣ ብዙ ቦታ በተቃራኒው ነው የሚደረገው። ዳዶውን ብሎኑ ላይ በዌልዲንግ መለጠፍ የሚባለውን ግን በፍጹም፣ ክላስ 8ም 10ም በሙቀት የጠነከረ ብረት ሊሆን ይችላል፣ ዌልዲንጉ ያንን ያበላሸዋል፣ ሊሰነጥቀውም ይችላል።

ስቴንለስ ላይ ብዙ አልልም። ኤ2 ለተራ አየር፣ ኤ4 ጨው ወይ ክሎሪን ላለበት። የጥንካሬ ቁጥሩ 70 ወይ 80 ነው፣ ዳዶውና ብሎኑ ይመጣጠኑ። ትልቁ ጣጣው መናከሱ ነው፣ በኢምፓክት ገን በፍጥነት ስታዞሩት ጥርሱ ተጣብቆ ወደፊትም ወደኋላም አይልም፣ በግራይንደር መቁረጥ ብቻ ነው። ጥርሱን ለዚህ በተሰራ ቅባት ቀቡት፣ ቀስ ብላችሁ በእጅ እሰሩት።

እቃው እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ምልክት ፈልጉ፣ የፋብሪካው ምልክትና ክላሱ ሁለቱም ይኑሩ። ምንም ያልተመታበት ዳዶ ለስትራክቸር አይሆንም፣ ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም። የሀሰት ምልክት የቆየ በሽታ ነው፣ አሜሪካ በ1990 ስለ ብሎንና ዳዶ ጥራት ህግ እስከማውጣት የደረሰችው በዚህ ምክንያት ነው፣ ስለዚህ ከሳጥኑ ቁጥር ጋር የሚገናኝ ሰርተፍኬት መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀጥሎ ዳዶውን በእጅ ብሎኑ ላይ እስከ መጨረሻው አሽከርክሩት፣ ያለ ቁልፍ መሄድ አለበት፣ እየተወላወለ የሚሄድ ከሆነ ግን እሱም ጥሩ አይደለም። ኢንችና ሚሊሜትር የተቀላቀለበት ቦታ ካላችሁ በተለይ 5/8 ኢንችና ኤም 16ን ለዩ፣ አንዱ 15.875 ሚሊሜትር ነው፣ ለአይን አንድ ናቸው፣ ጥቂት ዙር ይገባና ይነክሳል፣ ያኔ በረጅም ቧንቧ የሚገፋ ጀግና አይጠፋም።

ስታስሩ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጥርስ ከዳዶው ውጪ ይታይ፣ የአውሮፓው ደንብ ነው፣ የአሜሪካው ከዳዶው ፊት እኩል ከሆነም ይቀበላል። የዳዶው ጽሁፍ ወደ ውጪ ይዙር፣ ለማየትም ይመቻል።

ድጋሚ ስለመጠቀም ለሚጠይቅ፣ በአሜሪካኖቹ ደንብ ጥቁሩ ኤ325 ኢንጅነሩ ከፈቀደ ይመለሳል፣ መመዘኛውም ያው የእጅ ሙከራ ነው፣ ዳዶው በብሎኑ ጥርስ ሙሉ ርዝመት ላይ በእጅ ከሄደ ብሎኑ አልተለጠጠም። ኤ490 እና ጋልቫናይዝድ የሆነው ግን አንዴ ሙሉ በሙሉ ከተወጠሩ አይመለሱም፣ ቢያምሩም፣ በእጅ ቢዞሩም፣ ስለዚህ ስትፈቱ ከአዲሱ ሳጥን ጋር እንዳይቀላቀሉ ወዲያው ቀለም ቀቧቸውና ለብቻ አስቀምጧቸው።